የድሮ ባች ፋይል የኮፒ መስመሮችን መፍታት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ባሕር ዳር

በእጅ ያለው

በጣና ዳር የሚሠራ አንድ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የዕለት ምርቱን ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ እያለ በኪሎ ሲመዘግብበት የኖረው አሮጌ ኮምፒውተር እጄ ገብቷል። የተፈለገው ማሽኑ ተጠግኖ እንዲሠራ ሳይሆን በውስጡ ያለው መዝገብ እንዲወጣ ነው። ነጭ ዓሣው በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ስለሚወጣና በወንዞቹ አፍ ላይ በብዛት ስለሚጠመድ፣ ማኅበሩ በተለይ የክረምት ወራትን የድሮ መዝገብ ካሁኑ ጋር ማነጻጸር ይፈልጋል።

ሃርድ ዲስኩ የአይዲኢ ዓይነት በመሆኑ ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ማስላክ ነበረብኝ፤ ከነማስላኪያው 1,800 ብር ወጥቶበታል። ዲስኩን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ መጀመሪያ ከተበላሸ ዲስክ መረጃ በሚያወጣው ፕሮግራም በዲዲሬስኪው ሙሉ ቅጂውን ወሰድሁ፤ ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ የተሠራው በቅጂው ላይ ነው። የተበላሹ ሴክተሮች አሉ፤ አብዛኞቹ ያረፉትም የወር መዝገቦቹ በተቀመጡበት «ዳታ» በሚባለው ፎልደር ላይ ነው። ከወር ፋይሎቹ ገሚሶቹ ስለማይነበቡ ተስፋው በሙሉ ምትኬው ላይ ወደቀ። ምትኬውን ይሠራ የነበረው አንድ አጭር ባች ፋይል፣ ማለትም ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት ፋይል፣ ስለሆነ፣ ፋይሎቹ የት እንደገቡ ለማወቅ መስመሮቹን አንድ በአንድ መፍታት ግድ ሆነ።

ፋይሉ ከዚህ በታች ያለው ነው። የትእዛዞቹንና የፎልደሮቹን ስም በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ምልክቶቹና ክፍተቶቹ ግን በዋናው ላይ እንዳሉ ናቸው።

@ኤኮ ኦፍ
ፒ:
ሲዲ \ዳታ
ኢፍ ኖት ኤግዚስት ኤ:\ኑል ጎቱ ጨርስ
ኮፒ ሲ:*.ዲቢኤፍ ኤ: >ኑል
ኮፒ *.ዲቢኤፍ ..\አሮጌ >ኑል
ኮፒ /ቢ መለያ.ቲኤክስቲ+,, >ኑል
:ጨርስ

ባክስላሽ የሌለው ሲ:

አምስተኛው መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። የዛሬ አንባቢ «ሲ:*.ዲቢኤፍ» የሚለውን ሲያይ «ሲ:\*.ዲቢኤፍ» ለማለት ተፈልጎ ባክስላሹ የተረሳ ይመስለዋል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ከኮሎኑ ቀጥሎ ባክስላሽ ካለ ፓዙ፣ ማለትም የፋይሉ አድራሻ፣ ከድራይቩ ሥር ይጀምራል። ባክስላሽ ከሌለ ደግሞ ትእዛዙ «በሲ ድራይቭ ላይ አሁን ከቆምህበት ፎልደር ጀምር» ማለት ነው። ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የትእዛዝ ሥርዓት ዶስ ለእያንዳንዱ ድራይቭ የቆመበትን ፎልደር ለየብቻ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ፒ ድራይቭ ላይ ሆኖ ሲሠራ እንኳ በሲ ላይ መጨረሻ የቆመበት ቦታ እንደተጠበቀ ይቆያል። የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮትም ይህን ልማድ እስከ ዛሬ ይዞታል።

ይህ አጻጻፍ የመጣው ከታሪክ ነው። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ዶስ ፎልደር የሚባል ነገር ስላልነበረው ድራይቩንና የፋይሉን ስም መጻፍ በቂ ነበር። ፎልደር የገባው በ1983 በወጣው ዶስ 2.0 ሲሆን፣ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉ «ድራይቭ፣ ኮሎን፣ ስም» የሚለው አጻጻፍ የቆመበትን ፎልደር እንዲያመለክት ተደረገ። ሰያፉ መስመር ቀድሞውኑ ለስዊች (ለትእዛዝ ማስተካከያ) ተይዞ ስለነበር ፎልደር ከፎልደር የሚለየው ምልክት ባክስላሽ ሆነ። በዚህ ምክንያት መስመሩን የጻፈው ሰው ተሳስቷል ብዬ አላምንም፤ ለጊዜው ትክክል የነበረና ጣትም የሚቆጥብ አጻጻፍ ነው።

ለማረጋገጥ በመጀመሪያ ዶስን በሚመስለው ፕሮግራም በዶስቦክስ ሞከርሁት፤ ሆኖም ዶስቦክስ የኮፒን ትእዛዝ በራሱ መንገድ የሚሠራ እንጂ የማይክሮሶፍትን የትእዛዝ አስተርጓሚ የያዘ ስላልሆነ ውጤቱን እንደ ማስረጃ መውሰድ አልፈለግሁም። ቀጥዬ በቨርችዋል ማሽን ላይ ዊንዶውስ 98 ጭኜ፣ በሁለት ፎልደሮች ውስጥ የተለያዩ ባዶ ፋይሎችን አስቀምጬ፣ ያንኑ መስመር ከሁለት መነሻ አስኬድሁት። ፊደል ሳይቀየርበት አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን ፎልደር ፋይሎች ገለበጠ። ከመሀል ከተማ ወደ ዓባይ ድልድይ ለሚሄድ ሰው «ወደ ግራ ታጠፍ» ማለት ወደ ሐይቁ ማለት ሲሆን፣ ከድልድዩ ለሚመለስ ሰው ግን ያው ቃል ከሐይቁ የሚያርቅ ነው፤ ባክስላሽ የሌለው ፓዝም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ መስመር የምጠይቀው «ምን ይላል?» ብቻ ሳይሆን «ይህ መስመር ሲሠራ ማሽኑ የት ቆሞ ነበር?» የሚለውንም ነው።

መልሱ የተገኘው ከሌላ ባች ፋይል ነው። የመዝገብ ፕሮግራሙን የሚያስነሣው ፋይል መጀመሪያ ወደ «ሲ:\ማኅበር\ዳታ» ይገባል፣ ከዚያ ፕሮግራሙን ያስነሣል፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋም «ኮል ፒ:\ምትኬ» ብሎ የምትኬውን ፋይል ይጠራል። እንግዲህ በሲ ላይ የተቆመበት ፎልደር ሁልጊዜ ዳታ ስለነበር አምስተኛው መስመር ያለ ሙሉ ፓዝ በትክክል ይሠራ ነበር።

ፒ የሚባለው ድራይቭ

በማሽኑ ላይ ያለው ሃርድ ዲስክ አንድ ሲሆን ክፍልፋዩም አንድ ነው፤ ፒ የሚባል ድራይቭ የለም። የኔትወርክ ድራይቭ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ነገር ግን ማሽኑ የኔትወርክ ካርድ እንኳ የለውም። ምላሹ ማሽኑ ሲነሣ በሚያስኬደው ፋይል በአውቶኤክሴክ.ባት ውስጥ በአንድ መስመር ተቀምጧል፦

ሰብስት ፒ: ሲ:\ማኅበር

ሰብስት አንድን ፎልደር በድራይቭ ፊደል እንዲጠራ የሚያደርግ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ «ፒ:\ዳታ» ማለት «ሲ:\ማኅበር\ዳታ» ማለት ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመርም ወደዚያው ፎልደር በሌላ ስም መግባት ናቸው። ይህን ካወቅን በስድስተኛው መስመር ያለው «..\አሮጌ» ይፈታል፦ ሁለቱ ነጥቦች ከቆሙበት አንድ ደረጃ ወደ ላይ መውጣት ስለሆኑ፣ መድረሻው «ፒ:\አሮጌ»፣ በእውነተኛ ስሙ «ሲ:\ማኅበር\አሮጌ» ነው።

የሰብስት ፊደል ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ በየጊዜው የሚመልሰው አውቶኤክሴክ.ባት ነበር። ማሽኑ በኋላ ወደ ዊንዶውስ ኤክስፒ መቀየሩን በዲስኩ ላይ አይቻለሁ፤ ኤክስፒ ደግሞ ከአውቶኤክሴክ.ባት የሚወስደው እንደ ፓዝና ሴት ያሉትን የአካባቢ ተለዋዋጮች ብቻ ነው፣ ሌሎቹን ትእዛዞች አያስኬድም። ስለዚህ ኤክስፒ ከተጫነ ጀምሮ ፒ የሚባል ድራይቭ አልነበረም። ይህ ነገር ያስከተለውን ከታች እመለስበታለሁ።

አራተኛው መስመር በአጭሩ የሚታለፍ ነው። ኑል በእያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ እንዳለ የሚቆጠር የመሣሪያ ስም ስለሆነ፣ በዶስ ዘመን «ኤ:\ኑል አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ፍሎፒው መኖሩን ማረጋገጫ ዘዴ ነበር። ሰባተኛው መስመርም ምንም ፋይል አይገለብጥም፤ መደመሩና ሁለቱ ኮማዎች የፋይሉን ቀንና ሰዓት ወደ አሁኑ የሚያድሱ ናቸው። ጸሐፊው ምትኬው መጨረሻ የተሠራበትን ጊዜ በመለያ.ቲኤክስቲ ቀን ላይ ለማቆየት ተጠቅሞበታል፤ ይህ ቀን በኋላ በጣም ጠቅሞኛል።

«አሮጌ» ፎልደር አይደለም

በዲስኩ ቅጂ ላይ «ሲ:\ማኅበር» ስገባ «አሮጌ» የሚለው ስም አለ፤ ፎልደር መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ግን የለም። ኤክስቴንሽን የሌለው አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ቀኑም ከመለያ.ቲኤክስቲ ቀን ጋር አንድ ነው።

ምክንያቱ የኮፒ ትእዛዝ መድረሻውን የሚተረጉምበት መንገድ ነው። «አሮጌ» የሚባል ፎልደር ካለ ፋይሎቹ እየተለያዩ ወደ ውስጡ ይገባሉ። ፎልደሩ ከሌለ ግን ኮፒ አይፈጥረውም፣ ስሕተትም አይናገርም፤ «አሮጌ»ን የፋይል ስም አድርጎ ይወስድና በኮከብ ምልክት የተጠሩትን ፋይሎች ሁሉ አንዱን ከአንዱ ጀርባ እየቀጠለ ወደዚያ ነጠላ ፋይል ይጽፋቸዋል። በፍጻሜው «1 ፋይል ተገልብጧል» የሚል መልእክት ይሰጣል፤ ይህ መልእክት ብቻ ሰውን ሊያነቃ ይችል ነበር፣ ነገር ግን በመስመሩ መጨረሻ ያለው «>ኑል» መልእክቱን ከስክሪኑ ይሰውረዋል። በባች ፋይል ውስጥ ኮፒ «ልተካው ወይ?» ብሎ ስለማይጠይቅም በቀጣዩ ጊዜ ያንኑ ፋይል ዝም ብሎ ይተካዋል። በእኔ እምነት ከፋይሉ ሁሉ ጎጂው ክፍል ይህ «>ኑል» ነው።

መዝገቡን ይይዙ የነበሩትን እናት ቤታቸው ሄጄ፣ «እትዬ፣ አሮጌ የሚል ፎልደር ነበረ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ነበረ ልጄ፤ ቦታ ሞላ ሲባል ኮምፒውተሩን የሚያዩልን ልጆች አጥፍተውታል። ምትኬው ግን ሁልጊዜ ይሠራ ነበር፣ አንድም ቀን ስሕተት ብሎ አያውቅም» አሉኝ። የተናገሩት ከማሽኑ ጠባይ ጋር ሙሉ በሙሉ ይገጥማል።

ፋይሉን መልሶ መለያየት

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ከተቀጣጠለው ፋይል ውስጥ የወር መዝገቦችን ማውጣት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ችግሩ ኮፒ ፋይሎችን ሲቀጥል በነባሪነት እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥራቸው ነው። በጽሑፍ ስልት እያንዳንዱ ፋይል የሚነበበው ዋጋው 26 የሆነ የመጀመሪያው ባይት፣ ማለትም ኮንትሮል-ዜድ የሚባለው የፍጻሜ ምልክት፣ እስኪገኝ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ይቀራል። «/ቢ» የሚለው ስዊች ቢጨመር ኖሮ ሁሉም ባይት ይገለበጥ ነበር፤ በስድስተኛው መስመር ላይ ግን የለም።

መዝገቦቹ ዲቤዝ 3 በሚባለው የመረጃ ቋት አሠራር (.ዲቢኤፍ) የተቀመጡ ናቸው። በዚህ አሠራር የመጀመሪያው ባይት የፋይሉን ዓይነት ይናገራል፤ ቀጥለው ያሉት ሦስት ባይቶች ፋይሉ መጨረሻ የተነካበትን ዓመት፣ ወርና ቀን ይይዛሉ፤ ቀጣዮቹ አራት የመዝገቦቹን ብዛት፣ ከዚያም ሁለት ለራስጌው (ከመዝገቦቹ በፊት ለሚመጣው መግለጫ) ርዝመት፣ ሁለት ለአንዱ መዝገብ ርዝመት ናቸው። ቁጥሮቹ በመዝገቡ ውስጥ እንደ ፊደል ስለሚጻፉ በውስጣቸው 26 የሚል ባይት አይገኝም፤ አደጋው ያለው በራስጌው ላይ ነው። ፋይሉ መጨረሻ የተነካው በፈረንጆቹ ወር በ26ኛው ቀን ከሆነ፣ የቀኑ ባይት ራሱ 26 ስለሚሆን ኮፒ ፋይሉ እዚያ አለቀ ብሎ ሦስት ባይት ብቻ ይዞ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የመዝገቡ ብዛት 26፣ 282 ወይም 538 ቢሆንም መቆረጡ አይቀርም፤ የእነዚህ ቁጥሮች የመጀመሪያ ባይት 26 ነውና።

እዚህ ላይ የማኅበሩ የሒሳብ ልማድ ብዙ መዝገብ አትርፏል። እትዬ ወሩን የሚዘጉት በ30 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉን አይነኩትም። መስከረም 30 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 10 ነው፣ ጥር 30 ፌብሩዋሪ 7፣ ነሐሴ 30 ሴፕቴምበር 5። ዓመቱን በሙሉ ብንቆጥር የወራችን መጨረሻ በእነርሱ ወር መጀመሪያ አካባቢ ስለሚውል 26ኛውን ቀን ፈጽሞ አይነካም። ስለዚህ በተለመደው ቀን የተዘጉት ወራት ከዚህ አደጋ ነፃ ናቸው፤ የተቆረጡት ለእርማት ዘግይተው የተከፈቱት ወይም ብዛታቸው ያልታደለው ናቸው።

መለያየቱ በስሌት ይሠራል። እያንዳንዱ የወር ፋይል ስድስት መስኮች አሉት፤ ራስጌው 32 ባይት፣ ለየመስኩ 32 ባይት፣ በመጨረሻም አንድ ባይት ሲደመር 225 ይሆናል። አንዱ መዝገብ 41 ባይት ነው። ራስጌው 310 መዝገብ አለ ካለ፣ 310 በ41 ሲባዛ 12,710፣ ከ225 ጋር 12,935 ይሆናል፤ የፍጻሜ ምልክቱ በቅጥሉ ጊዜ ስለሚወድቅ የሚቀጥለው ፋይል የሚጀምረው ልክ ከ12,935 ባይት በኋላ ነው። ይህን በሄክስ ኤዲተር በእጅ አይቼ ካረጋገጥሁ በኋላ በአጭር የፓይተን ፕሮግራም አስኬድሁት። ፕሮግራሙ በየመነሻው የዓይነቱን ባይት ካላገኘ ቆሞ እንዲናገር አደረግሁ፤ የቆመባቸው ቦታዎች ሁሉ ሦስት ወይም አራት ባይት ብቻ የቀሩባቸው የተቆረጡ ፋይሎች ናቸው። ቁራጩን አልፌ ከሚቀጥለው ራስጌ ሳስነሣው ሥራውን ይቀጥላል።

የወጡትን ፋይሎች በሊብሬኦፊስ ካልክ ከፍቼ፣ በዳታ ፎልደር ውስጥ በደኅና ከሚነበቡት ወራት ጋር አነጻጸርኋቸው። በሁለቱም በኩል ያሉት ወራት በኪሎም በዓሣ ዓይነትም ይገጥማሉ። ከተበላሹት የክረምት ወራት አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ተገኝተዋል።

የፍላሹ ዘመን

ማኅበሩ ከኤክስፒ በኋላ የተሠራ ምትኬ በፍላሽ አለኝ ብሎ ስለነበር ያንንም አየሁት። ፍላሹ ላይ ያሉት ፋይሎች በየጊዜው የተገለበጡ ቢሆኑም ይዘታቸው ሁልጊዜ ያው ነው። ፒ ድራይቭ በመጥፋቱ «ኮል ፒ:\ምትኬ» አልሠራ ሲል፣ አንድ ሰው በዴስክቶፕ ላይ ወደ ባች ፋይሉ የሚወስድ አቋራጭ አስቀምጦ፣ በፋይሉም ውስጥ ኤ:ን በኤፍ: ተክቷል። አቋራጩ ደግሞ የሚነሣው ባች ፋይሉ ካለበት ከ«ሲ:\ማኅበር» ነው። «ፒ:» የሚለው መስመር ድራይቩ አልተገኘም ብሎ ይወድቃል፣ «ሲዲ \ዳታ»ም በሲ ሥር እንዲህ ያለ ፎልደር ስለሌለ ይወድቃል፣ ባች ፋይል ግን ስሕተት ቢገጥመው ወደሚቀጥለው መስመር ማለፉን አይተውም። ያ «ሲ:*.ዲቢኤፍ» እንግዲህ ከዳታ ሳይሆን ከማኅበር ፎልደር፣ ለሙከራ የተቀመጡ ጥቂት አሮጌ ፋይሎችን እየወሰደ ፍላሹ ላይ ሲጽፍ ኖሯል። ስድስተኛውም መስመር «ሲ:\አሮጌ» የሚል ሌላ ነጠላ ፋይል ፈጥሯል፤ በውስጡ ያሉትም እነዚያው የሙከራ ፋይሎች ናቸው። ዋናው «አሮጌ» ያልተነካው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ለዚህ ሥራ መልካም ሆኗል።

አዲሱ ምትኬ

ማኅበሩ አሁን የሚጠቀመው ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ ነው። አዲሱን ፋይል ስጽፍ የቆመበትን ፎልደር የሚጠይቅ ፓዝ እንዳይኖር ወሰንሁ። «%~ዲፒ0» የሚለው አጻጻፍ ባች ፋይሉ ራሱ ያለበትን ድራይቭና ፎልደር ስለሚሰጥ መነሻው እርሱ ነው፤ ፋይሉ እንደ አስተዳዳሪ ሲነሣ የቆመበት ፎልደር ወደ ሲስተም32 እንደሚዛወር በሙከራ አይቻለሁ፣ ይህ አጻጻፍ ግን አይናወጥም።

ሮቦኮፒ በሚባለው የዊንዶውስ የመገልበጫ ትእዛዝ የጻፍሁት የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም፦

ሮቦኮፒ "%~ዲፒ0" "ኤፍ:\ምትኬ" /ኢ

ሮቦኮፒ በሚያሳየው የምንጭ መስመር ላይ ሁለቱ ፓዞች ተጣብቀው ይታያሉ፤ መድረሻው ባዶ ነው። ምክንያቱ «%~ዲፒ0» ሁልጊዜ በባክስላሽ የሚያልቅ መሆኑ ነው፦ ባክስላሽ ከጥቅስ ምልክት ፊት ሲመጣ ሮቦኮፒ ጥቅሱን እንደ መዝጊያ ሳይሆን እንደ ተራ ፊደል ይወስደዋል። ከባክስላሹ ቀጥሎ አንዲት ነጥብ ሲጨመር፣ ማለትም "%~ዲፒ0." ሲባል፣ ነጥቧ «ይኸው ፎልደር» ማለት ስለሆነች ፓዙ ሳይለወጥ ጥቅሱ በትክክል ይዘጋል።

ፍላሹ ሲነቀል ደግሞ ሥራው አላልቅ አለ፤ ሮቦኮፒ በነባሪነት አንድ ሚሊዮን ጊዜ፣ በየ30 ሴኮንዱ እንዲሞክር የተሠራ ነው። «/አር:2 /ደብሊው:5» ጨመርሁ። የመውጫ ቁጥሩም እንደሌሎቹ አይደለም፤ 1 ማለት ፋይል ተገልብጧል ማለት ሲሆን ውድቀት የሚባለው ከ8 ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ «ኢፍ ኤረርሌቨል 8» ብዬ፣ በዚያን ጊዜ ስክሪኑ ቀይ ሆኖ እንዲቆም አደረግሁ። «/ሚር» የሚለውን ስዊች ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ በምንጩ የሌለውን ከመድረሻው ስለሚያጠፋ፣ ምንጩ አንድ ቀን በስሕተት ባዶ ፎልደር ከሆነ ምትኬው ሁሉ ይጠፋል። ለእንዲህ ያለ መዝገብ ትርፍ ፋይል መከማቸቱ ይሻላል። «>ኑል» የትም አልገባም።

የፎልደሩ ስም «ምትኬ» ተብሎ በአማርኛ እንዲጻፍ ስለተጠየቅሁ ባች ፋይሉን የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው በዩቲኤፍ-8፣ ያለ ቦም (በፋይሉ መጀመሪያ የሚገባ የማይታይ ምልክት)፣ አስቀምጬ ከላይ መስኮቱን ወደ ዩቲኤፍ-8 የሚቀይረውን «ሲኤችሲፒ 65001» አስገባሁ። ቦም ሲኖር የመጀመሪያው መስመር የማይታወቅ ትእዛዝ ነው ይላል። የትእዛዝ መስኮቱ ፊደሉን በሳጥን ቢያሳይም ፎልደሩ በፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ምትኬ» ተብሎ በትክክል ይነበባል።

ያልተገኙት ወራት ዝርዝር ለማኅበሩ ተሰጥቷል። የእነዚያ ወራት የሚዛን ደረሰኞች በካርቶን ተቀምጠው ስለተገኙ፣ እትዬ እያነበቡ የማኅበሩ ጸሐፊ በካልክ ላይ እንደ አዲስ እየመዘገበ ነው፤ በነሐሴ ጀምረዋል።